ሊኑክስ ለምትጀምሪው ልጄ፦ አሥር ምክሮች

ልጄ፣ ቀን ሥራሽን እየሠራሽ ማታ ማታ የሊኑክስና የኦፕን ሶርስ መግቢያ ኮርስ ልትማሪ መመዝገብሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ከሰርቨር ጋር ያሳለፍኩ፣ አሁን ደግሞ ጀማሪዎችን የማስተምር ሰው ነኝና የምልሽ አለኝ። «ሠላሳውን አልፌ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ሳልማር ይገባኝ ይሆን?» ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ፤ በየዙሩ የሚመዘገቡት ጎልማሶች የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ይገባሻል። ሊኑክስ የሚፈልገው የሚያነብ ዓይን፣ የሚሞክር እጅና ትዕግሥት ነው፤ ሥራና ኑሮ ያበሰለው ሰው ደግሞ ትዕግሥቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። እስከ ዛሬ ኮምፒውተር ስትጠቀሚ ኖረሻል፤ ከዚህ ኮርስ በኋላ ግን ባለቤቱ መሆን ትችያለሽ። ባለቤት የምለው የማሽኑን ውስጥ ከፍቶ የሚያየውን፣ ሲበላሽ የሚጠግነውን፣ ያለውን የሚያካፍለውን፣ በእጁ ለሚደርሰውም ነገር ኃላፊነት የሚወስደውን ሰው ነው። የምመክርሽ ሁሉ ወደዚያ እንድትደርሺ ነው።

1. ከየት እንደመጣ እወቂ።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ታሪክ ይበዛበታልና «ወደ ሥራው መቼ እንገባለን?» ብለሽ አትሰላቺ። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባሽ ታሪኩን ስታውቂ ነው። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ልጻፍልሽ። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር፣ ማንም ሰው ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ስርዓተ ክወና እሠራለሁ ብሎ ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ። ከባልደረቦቹ ጋር ብዙውን ክፍል ሠራ፤ ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው ዋናው ክፍል፣ ከርነሉ፣ ግን አልደረሰላቸውም። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ ኮምፒውተር ብሎ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ጻፈ፤ በ1992 ደግሞ ስቶልማን ባዘጋጀው ፈቃድ ሥር አወጣው። የጎደለው በዚህ ሞላ።

ዛሬ በእጅሽ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከሥሩ የሚሠራው የሊኑክስ ከርነል ነው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው በዝርዝር የሚወጡት 500 ሱፐርኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሳታውቂው በየቀኑ ስትጠቀሚበት ኖረሻል፤ አሁን የምትማሪው በስሙ ጠርተሽ ማዘዝን ነው።

2. መብትሽንም ግዴታሽንም ከፈቃዱ ላይ አንብቢ።

ብዙ ተማሪ ኦፕን ሶርስ ሲባል የሚታየው ገንዘብ አለመከፈሉ ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ፈቃዱ ላይ ነው። ስቶልማን መብቶቹን አራት አድርጎ ዘርዝሯቸዋል፦ ፕሮግራሙን ለፈለግሽው ዓላማ መጠቀም፣ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናትና እንደሚስማማሽ መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ ያሻሻልሽውንም ማሰራጨት። ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ በዚህ ላይ አንድ ግዴታ ይጨምራል፤ ፕሮግራሙን ለውጠሽ ለሌሎች ካሰራጨሽ ሶርስ ኮዱንም በዚያው ፈቃድ ማቅረብ አለብሽ። ኤምአይቲና አፓቺ የሚባሉት ፈቃዶች እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥሉም። ልዩነቱን ከመጀመሪያው ያዢው፤ ነገ በመሥሪያ ቤትሽ «ይህን ወስደን ለደንበኛ ብንሸጠውስ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልስ የሚኖርሽ ይህን ካወቅሽ ነው።

በአገራችን ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ መቀባበል ተለምዷል። ያ ሶፍትዌር የማንም ፈቃድ የለውም፤ ብዙ ጊዜም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አሁን ግን ሕጋዊውን፣ ሙሉውን፣ ለጎረቤትሽ ብትገለብጪለት ማንም የማይወቅስሽን ነገር መያዝ ትችያለሽ። «በነጻ የሚሰጥ ነገር እንጀራ አይሆንም» የሚልሽም አይጠፋ ይሆናል፤ በ2019 አይቢኤም፣ ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር መግዛቱን ንገሪው። ሬድ ሃት የሚሸጠው ድጋፍንና ኃላፊነትን ነበር፤ ሶርስ ኮዱ ክፍት ነው።

3. አሮጌ ላፕቶፕ ፈልጊ፤ ምርጫ ላይ ግን አትሰንብቺ።

ለመማር አዲስ ማሽን አያስፈልግሽም። ቤት ውስጥ «ከባድ ሆነ፣ ይጎተታል» ተብሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ተሸክሞ ይሠራል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው «የትኛው ይሻላል?» በሚል ክርክር ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ፣ ሚንት ወይም ዴቢያን፣ አስተማሪሽ የሚጠቀምበትን ያዢና ቀጥዪ። ኡቡንቱን በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል የሚወጣው የረጅም ጊዜ እትሙ ለአምስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ በነጻ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ምረጪ፤ በየስድስት ወሩ የሚወጣውን ለጊዜው ተዪው።

የሚወርደው ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተማሪ ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም። አንዳችሁ አውርዱትና በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ተቀባበሉት፤ ሕጉም ይፈቅዳል። የተቀበልሽው ፋይል ሳይጎድል ሳይለወጥ መድረሱን የምታረጋግጪበት መንገድ አለ፤ አውጪዎቹ በድረ ገጻቸው ላይ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው የማረጋገጫ ኮድ ያስቀምጣሉ፤ በማሽንሽ ላይ የምታሰዪው ኮድ ከእነሱ ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ ደኅና ነው። አንድ ፊደል ከተለየ ጣዪውና እንደገና አውርጂ። ከመጫንሽ በፊት ግን ላፕቶፑ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ከፍላሹ ላይ በቀጥታ አስነስተሽ ሳትጭኚው መሞከር ስለምትችዪ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን አይተሽ ነው መጫን ያለብሽ።

4. ትእዛዙን በገዛ ጣቶችሽ ጻፊ።

ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ መጀመሪያ ሲታይ ያስፈራል። ፊደል ቆጣሪ ሕፃን በስንደዶ እየጠቆመ ሀ ሁ እያለ እንደሚማር አንቺም በእጅሽ እየነካሽ ነው የምትማሪው። ከማስታወሻ ላይ ገልብጠሽ የለጠፍሽው ትእዛዝ ይሠራል፤ ጭንቅላትሽ ውስጥ ግን አይገባም። መጀመሪያ ሦስቱን ልመጃቸው፦ የት እንዳለሽ የሚነግርሽን ፒደብሊውዲ፣ በዙሪያሽ ያለውን የሚያሳይሽን ኤልኤስ፣ ከቦታ ቦታ የሚወስድሽን ሲዲ። ታብ የሚለውን ቁልፍ ተጠቀሚ፤ የጀመርሽውን የፋይል ስም ራሱ ይጨርስልሻል። ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል በሊኑክስ የተለያዩ መሆናቸውንም አትርሺ።

ከዚያ ዩኒክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ሠሪዎች በ1973 ያስገቡትን ፓይፕ ተማሪ። የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው ቀጥ ያለው መስመር ነው። ለምሳሌ የወሩ የመገኘት መዝገብ በአንድ ፋይል ውስጥ፣ በየመስመሩ አንድ ስም ሆኖ ተጽፏል እንበል። ማን ስንት ቀን እንደተገኘ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። ፋይሉን በሶርት ደርድሪው፣ በፓይፕ ለዩኒክ አቀብዪው፣ እንዲቆጥር እዘዢው፣ ውጤቱን እንደገና በሶርት ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሪ። ዩኒክ የሚያጣምረው ጎን ለጎን ያሉትን ተመሳሳይ መስመሮች ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ መደርደሩን ከዘለልሽ ቁጥሩ ይሳሳታል። ይህን ምክንያት በራስሽ ስታገኚው ትእዛዞቹን በቃል መሸምደድ ያቆምሽበት ቀን ይሆናል።

5. በአማርኛ ጽሑፍ ተለማመጂ።

መልመጃዎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። አንቺ ግን የራስሽን ፋይል በአማርኛ አዘጋጂ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው፤ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ግዕዝን ከኮምፒውተር ጋር ለማስማማት ለዓመታት ደክመዋል። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ስትጨምሪ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እየጻፍሽ «ሰላም» ይወጣልሻል።

አሁን «ሰላም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበት ፋይል ፍጠሪና ደብሊውሲ በተባለው የመቁጠሪያ ትእዛዝ ቁጠሪው። ባይት ቁጠር ስትዪው 10 ይልሻል፤ ፊደል ቁጠር ስትዪው 4። እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ሆነ፤ የቀረው አንድ የመስመሩ ማብቂያ ምልክት ነው። አንዳንድ ፕሮግራም የአማርኛ ስም እየቆረጠ የሚያስቀረው፣ አንዱ ሠላሳ ባይት ሲያስቀምጥ ሌላው ሠላሳ ፊደል ስለሚያስብ ነው። ሌላም ሞክሪ፦ ግሬፕ የተባለውን የመፈለጊያ ትእዛዝ «ዓለም» ፈልግ ብትዪው «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልሽም። ለእኛ ጆሮ አንድ ድምፅ ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። [አዓ]ለም ብለሽ ስታዢው ሁለቱንም ያመጣል። የሐኪም ቤት ካርድ ክፍል፣ ቀበሌ፣ ባንክ፣ ስም የሚፈልግ ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ለዚህ መፍትሔ የሚያስብ ባለሙያ ከእኛ መካከል ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

6. የስህተት መልእክትን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ተማሪዎቼ መልእክቱ ሲመጣ ዓይናቸውን ወደ እኔ ነው የሚያነሱት። አንቺ ዓይንሽን ከማሽኑ ላይ አታንሺ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚገጥሙሽ በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም»፣ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም»፣ «ፈቃድ የለሽም»። የመጀመሪያው የአጻጻፍ ግድፈት ወይም ያልተጫነ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ፒደብሊውዲ ብለሽ የት እንዳለሽ እዪ። ሦስተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ማን የሚለውን ትእዛዝም ልመጂ፤ ከኋላው የትእዛዝ ስም ብትጽፊ ለአብዛኞቹ ሙሉ መመሪያውን ያወጣልሻል። እንግሊዝኛው ቢከብድሽም አትሽሺ፤ ቃላቱ ስለሚደጋገሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ትለምጃቸዋለሽ።

7. ሥልጣንን በልኩ ተጠቀሚ።

በሊኑክስ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤትና ቡድን አለው፤ ከእነሱ ውጭ ያለው ደግሞ «ሌላው ሰው» ይባላል። ለሦስቱም ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይሰጣል። የመሥሪያ ቤትሽን የደመወዝ ዝርዝር አስቢ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ ትጽፊያለሽ፦ 6። የሒሳብ ክፍል ባልደረቦችሽ ያነቡታል፦ 4። ሌላው አያየውም፦ 0። 640 ብለሽ ትዘጊዋለሽ። አንድ ነገር አልሠራ ሲል 777 አድርገሽ ለሁሉም ክፈቺው የሚልሽን ምክር አትስሚ፤ ማንም ሰው የደመወዙን ፋይል እንዲያነበውና እንዲለውጠው መፍቀድ ነው።

ሱዶ የሚለው ትእዛዝ የሙሉ አዛዥ ሥልጣን ይሰጥሻል። ለምን እንደምትጠቀሚበት በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልሽ አትጻፊው። አርኤም የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ያጠፋውን መልሶ የምታነሺበት ቅርጫት የለውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ስለዚህ ከማጥፋትሽ በፊት ያንኑ የፋይል ስም መጀመሪያ ከኤልኤስ ጋር ጻፊና ምን ምን እንደሚያወጣ ተመልከቺ፤ ከዚያ ኤልኤሱን በአርኤም ተኪ። ባክአፕም ያዢ፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን።

8. መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፤ አጠያየቁን ግን እወቂ።

«አልሠራልኝም» የሚል ጥያቄ ማንም ሊመልሰው አይችልም። አራት ነገር ይዘሽ ጠይቂ፦ ምን ልታደርጊ እንደፈለግሽ፣ ምን ብለሽ እንደጻፍሽ፣ ማሽኑ ቃል በቃል ምን እንደመለሰልሽ፣ የትኛውን እትም እንደምትጠቀሚ። ብዙ ጊዜ እነዚህን አራቱን ስትጽፊ መልሱ ራሱ ብቅ ይላል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችንም ብትጠይቂ፣ የሰጡሽን ትእዛዝ እያንዳንዱን ክፍል በማን መርምረሽ ሳይገባሽ አታስኪጂው። ያገኘሽውን መልስ በራስሽ ቃል በደብተር ላይ በአማርኛ ጻፊው። ከስድስት ወር በኋላ ከመማሪያ መጽሐፉ የበለጠ የምትመለሺው ወደዚያ ደብተር ነው።

9. የተቀበልሽውን መልሺ።

ይህን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አደራ እልሻለሁ። በማርች 2024 የሆነውን ስሚ። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በብዙ የሊኑክስ ስርዓቶች ውስጥ ይገኛል፤ የሚንከባከበው ግን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ አንድ የደከመው ሰው ነበር። ሌላ ሰው ለሁለት ዓመት ያህል እያገዘ አመኔታ ካገኘ በኋላ ሰርቨሮችን ለመስበር የሚያስችል ስውር መግቢያ አስገባበት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ነው፤ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ፣ ለምን ብሎ ቆፈረ፣ ኮዱም ክፍት ስለነበረ ምክንያቱን አገኘው። ከዚህ ሁለት ነገር ተማሪ። ክፍት መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ዓለም የተደገፈበትን ሥራ የተሸከሙት ደግሞ ሰዎች ናቸው፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ይደክማሉ።

ለመርዳት ፕሮግራመር እስክትሆኚ አትጠብቂ። ሊብረኦፊስ የተባለውን የቢሮ ፕሮግራም ስትጠቀሚ አማርኛው የተሳሳተበት ቦታ ካየሽ አስተካክለሽ ላኪ። የፊደል ቅርጽ ተዛብቶ ካየሽ ፎቶ አንስተሽ ለሠሪዎቹ አሳውቂ። የገባሽን መመሪያ በአማርኛ ጽፈሽ አካፍዪ። በኮርሱ መጨረሻ የምትማሪው ጊት የተባለው መሣሪያ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በ2005 የሠራው፣ የማን እጅ ምን እንደለወጠ እየመዘገበ የሺህ ሰዎችን ሥራ በአንድ ላይ ያስኬዳል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያንቺም ስም ይኑር።

10. የምስክር ወረቀቱን ያዢ፤ ሥራሽንም አሳዪ።

ኮርሱን ስትጨርሺ ልትፈተኚው የምትችዪው ሊኑክስ ኢሴንሻልስ የሚባል የጀማሪ ፈተና አለ። የሚሰጠው በ1999 የተቋቋመው ሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት ነው፤ 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። ቅድመ ሁኔታ የለውም፣ ጊዜውም አያልፍበትም። ማጥኛውን ተቋሙ ራሱ በነጻ ስለሚያቀርብ ለማንም ሻጭ ገንዘብ አትክፈዪበት። ቀጣዩ ደረጃ ኤልፒአይሲ 1 ሁለት ፈተና አለው፤ የሚያገለግለውም ለአምስት ዓመት ነው፤ ለእሱ አትቸኩዪ። የፈተናውን ወጪና መክፈያ መንገድ አስቀድመሽ አጣሪ።

ባንክ፣ ቴሌኮም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ሙያ ይፈልጋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ቨርጂኒያም የላውደን ካውንቲ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት ከተከማቸባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቀን እየሠሩ ማታ ለዚህ ሥራ የሚያጠኑ እህት ወንድሞች አሉሽ። ይሁን እንጂ ቀጣሪ ወረቀቱን አይቶ ወዲያው የሚጠይቅሽ «ምን ሠርተሻል?» ብሎ ነው። አሮጌውን ላፕቶፕ የፋይል ሰርቨር አድርገሽው ከሆነ፣ የዕድርሽን መዝገብ የሚያደራጅ ትንሽ ስክሪፕት ጽፈሽ ከሆነ፣ ያንን አሳዪ። በመጀመሪያው ኮርስ ትልቅ ደመወዝ ቃል የሚገባልሽን ሰው አትመኚ፤ መግቢያ ኮርስ በር ይከፍታል፣ ከበሩ በኋላ ያለው መንገድ የዓመታት ነው።

ልጄ፣ ሊኑክስን ለማወቅ አዋቂ ሆኖ መወለድ አያስፈልግም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቁልፍ ሰሌዳው ላይ መቀመጥ ይበቃል። ትምህርቱ ሲጀመር አትቅሪ፣ አስተማሪሽን ጠይቂ፣ ከጎንሽ የተቀመጠው ወደኋላ ሲቀር አግዢው። የተማርሽውንም ቢያንስ ለአንድ ሰው በአማርኛ አስተምሪ። በርቺ።